ከደረት እስከ መሪ

ሾፌር ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ከደረቱ አጥንት እስከ መሪው እምብርት ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ጥያቄው ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ይህ ከስንዝር ብዙም የማይርቅ ክፍተት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። በታሪኩ ውስጥ የፓሪስ መሐንዲሶች፣ የቶሪኖ እሽቅድድመኛ፣ ሆዳቸው መሪ እየነካ ያስቸገራቸው ወፍራሞች፣ በመጨረሻም ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ለሞት የተዳረጉ ሴቶች ይገኙበታል። እኔ የምከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ መኪና ሲሠራ ማን ወደ ማን እንዲጠጋ ታስቦ ነው? ሰው ወደ መሪው ወይስ መሪው ወደ ሰው? (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛችን ለዚህ ክብ ዕቃ «መሪ» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ሰው ለሚመራ ሰውም ያለን ቃል ያው ነው። በዚህ ብዙ መቀለድ ይቻል ነበር፤ ቀልዱን ለአንባቢ ትቼ ወደ ነገሬ ልግባ።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ክብ መሪ አልነበራቸውም። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የምትታጠፈው በእጀታ ነበር። ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በነሐሴ 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ተነሥታ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ፎርትስሃይም የደረሰችው ያንን እጀታ እየተጠቀመች ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች መኪኖችም አብዛኞቹ እንደ ጀልባ መሪ ያለ ዘንግ ነበራቸው። ዘንግ ለዝግታ ጉዞ ይበቃል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ጎማው ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደ እጅ ይደርሳል፤ ዘንጉም ከመዳፍ ያመልጣል።

በሐምሌ 1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር አልፍሬድ ቫሼሮን የተባለ ሰው ፓናር መኪናውን ክብ መሪ ገጥሞለት ቀረበ። ክብ መሪን ለመኪና ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ መሆኑ ይነገራል። የፓናር ድርጅት አጋር የነበረው ታላቁ መሐንዲስ ኤሚል ሌቫሶር ግን በዘንጉ ቀጠለ። በ1896 ከፓሪስ ወደ ማርሴይ በተደረገው ውድድር ከመኪናው ተወርውሮ ክፉኛ ተጎዳ፤ በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ አረፈ። ቦታውን የተካው አርተር ክሬብስ በ1898 ለፓሪስና አምስተርዳም ውድድር ባዘጋጀው መኪና ላይ ክብ መሪ ገጠመ፤ ዘንጉንም ወደ ሾፌሩ አዘንብሎ ተከለው።

ይህን ማዘንበል ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከክቡ መሪ ያልተናነሰ ፈጠራ ሆኖ ይታየኛል። ቀደም ሲል ክብ መሪ ሲገጠም ቀጥ ብሎ በቆመ ምሰሶ አናት ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ነበር፤ ሾፌሩም ከላዩ እንዳቀረቀረ ይቀመጣል። ዘንጉ ሲዘነብል ሰው ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መንዳት ቻለ። መሪው ወደ ሰው የተራመደው የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆመ።

አጼ ምኒልክ አውቶሞቢል ያዩት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ አስገብቶ አሳያቸው። በዚያው 1908 በአሜሪካ የፎርድ ቲ ሞዴል ለገበያ ቀረበ። የዚያ ትውልድ መኪኖች መሪ በተተከለበት የሚቀር ነበር። ረጅሙም አጭሩም፣ ከሲታውም ቦርጫሙም ሰውነቱን ለመኪናው ያስተካክላል እንጂ መኪናው ለማንም አይስተካከልም። በፎርድ ቲ ሞዴል መሪው ሥር ነዳጅ መስጫውና የእሳት ማስተካከያው በትንንሽ ዘንግ ስለተቀመጡ እጅ ከዚያ አካባቢ ሊርቅ አይችልም። ብልህ ነጋዴዎች ታዲያ ቦርጫሞችን አልረሷቸውም፤ ሰውየው ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ታጥፎ መንገድ የሚሰጥ መሪ ሠርተው ሸጡ። የንግድ ስሙ ሳያፍር «የወፍራም ሰው መሪ» ይል ነበር። መሪን ለሰው ገላ የማመቻቸት ሐሳብ ከፋብሪካው በፊት በመለዋወጫ ሱቅ መወለዱ ያስገርመኛል።

መሪው ወደ ደረት የቀረበው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። የጎማውን ክብደት የሚያቀል ረዳት ስላልነበረ ሾፌሩ ክርኑን አጥፎ፣ ትከሻውን አስተባብሮ፣ ሰፊውን መሪ በጉልበት ማዞር ነበረበት። በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ለገበያ የቀረበው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የውድድር ፎቶግራፎችን ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ነጂው መሪውን ያቀፈው ይመስላል።

ይህን አቀማመጥ የሰበረው ጁዜፔ ፋሪና ነው። ፋሪና በ1906 በቶሪኖ የተወለደ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ኩሩና ደፋር ሰው ነበር። በ1950 በአልፋ ሮሜዮ ተወዳድሮ የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጀርባውን ጋደም አድርጎ፣ ሁለት ክንዱን እንደ ቀስት ዘንግ ዘርግቶ ይነዳ ነበር። ሲያዩት ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ይመስላል፤ መኪናው ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ወጣቱ እንግሊዛዊ ስተርሊንግ ሞስ ይህን አቀማመጥ ከእሱ እንደወሰደ የታወቀ ነው፤ ከሞስ በኋላ የዘመኑ ፋሽን ሆነ። ፋሪና በውድድር ሜዳ ከደረሱበት አደጋዎች ሁሉ ተርፎ በ1966 በፈረንሳይ ሻምቤሪ አቅራቢያ በተራ መንገድ ላይ መኪና እየነዳ ሞተ።

የተዘረጋ ክንድ ውበት ለሁሉ አይሆንም። ፔዳሉ ቅርብ፣ መሪው ሩቅ የሆነባቸው ተራ የጣልያን መኪኖች ጉልበትን አጥፈው ክንድን የሚዘረጉ በመሆናቸው ለብዙ ዓመታት ሲወቀሱ ኖረዋል። ከነዚህ አንዱ በ1966 የወጣው ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው በ1970 በቶልያቲ ከተማ ላዳን ማምረት ጀመሩ፤ ላዳም ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነ። የከተማችን ባለ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት የጨበጡት ያ ንቅንቅ የማይል መሪ በቶሪኖ የተለካ ነው ማለት ነው።

መሪን ወደ ራስ መሳብ የሚያስችለው ብልሃት ግን ያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። በ1948 ለንደን ላይ የታየው ጃጓር ኤክስኬ 120 መሪው ሥር ያለውን ቀለበት በእጅ ፈታ አድርገው መሪውን የሚስቡበትና የሚገፉበት፣ መልሰውም የሚያጠብቁበት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ዘንግ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ በቁመታቸው በተፈለፈለ ጥርስ ስለተያያዙ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ፤ መሪው ሲዞር ግን አብረው ይዞራሉ። ቢሆንም ነገሩ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ቀረ። በ1961 የወጣው ፎርድ ተንደርበርድ ለሹፌሩ መግቢያ ይሆን ዘንድ ወደ ጎን የሚሸሽ መሪ ነበረው፤ ካዲላክ በ1965 ከፍ ዝቅም የሚል፣ የሚሳብም መሪ አቀረበ። ካዲላክ መግዛት የሚችል ሰው ክንዱም ትከሻውም ያርፋል። ሌላው ትራስ ይፈልግ።

እስከዚህ ያወራነው ስለ ምቾት ነው። በዚያው ዘመን ግን መሪው የሚተከልበት ዘንግ ሌላ ስም ሊሰጠው የሚገባ ነበር፤ ጦር። ከመኪናው አፍንጫ አጠገብ ተነሥቶ በሾፌሩ ደረት ትይዩ የሚያበቃ ድፍን ብረት ነው። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ አፍንጫው ይጨፈለቃል፤ ዘንጉ ግን አይጨፈለቅም፤ ወደ ኋላ ይመጣል። ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን መኪና ሠሪዎች ከከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። በተከታዩ ዓመት የደህንነት ሕግ ወጣ፤ ከጥር 1968 ጀምሮም በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሲጋጭ መሪው ወደ ሾፌሩ ከ12.7 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይመጣ ተደነገገ። መፍትሔው ተጨፍልቆ የሚያጥር ዘንግ ሆነ። መንግሥት በኋላ ባስጠናው ጥናት ይህ ዘንግ በፊት ለፊት ግጭት የሾፌሮችን ሞት በ12 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለምቾት ሲባል የሚረዝመውና የሚያጥረው ዘንግ፣ ለሕይወትም ሲባል ማጠር ነበረበት።

ከዚያ ኤርባግ መጣ፤ ታሪኩም ተወሳሰበ። መርሴዲስ በ1981 መሪው እምብርት ውስጥ ያስቀመጠው ከረጢት በ1990ዎቹ በአሜሪካ ግዴታ ሆነ፤ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም አዲስ መኪና ለሾፌርና ለፊት ተሳፋሪ ኤርባግ እንዲኖረው ተወሰነ። ኤርባጉ ምን ያህል ጉልበት እንዲኖረው የወሰነው ግን የሙከራ አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ 175 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 78 ኪሎ ገደማ የሚመዝን «አማካይ» ወንድ ነበር፤ ያውም ቀበቶ ያላሰረ። ያንን ሰው በአየር ላይ ለማቆም ኤርባጉ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ፣ በከባድ ኃይል መፈንዳት ነበረበት።

አሁን 150 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ሴት እናስባት። እግሯ ፍሬኑ ላይ እንዲደርስ ወንበሯን ወደ ፊት ትስባለች፤ መሪው ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ደረቷ መሪው ሥር ይሆናል። ከረጢቱ በብርቱ የሚመታው ገና ሲወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ነው፤ እሷም ያለችው እዚያ ነው። በቀላል ግጭት፣ ከመኪናው በእግር ወርዶ መሄድ በሚቻልበት ግጭት፣ በኤርባጉ ራሱ የሞቱ ሴቶች ነበሩ። የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1990 እስከ 2008 ከ290 በላይ ሰዎች በኤርባግ መፈንዳት እንደሞቱ ገምቷል፤ ብዙዎቹ በፊት ወንበር የነበሩ ሕፃናትና ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከሾፌሮቹ መካከል ግን አጫጭር ሴቶች ጎልተው ታዩ። ኤርባግ ያዳነው ሰው ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ መካድ አይቻልም። ቢሆንም እነዚያን ሴቶች የገደላቸው የከረጢቱ ጉልበት ብቻ ነው ማለት አልችልም። መለኪያው ሲወሰን አለመቆጠራቸውም አብሮ ገድሏቸዋል።

ማስተካከያው በየተራ መጣ። ከ1998 ጀምሮ የኤርባጉ ጉልበት ተቀነሰ፤ በግንቦት 2000 በወጣው ደንብ ደግሞ ትንሿ ሴት አሻንጉሊት፣ 49 ኪሎ የምትመዝነው፣ ወደ ሙከራው ገባች። ለሾፌሮች የተነገረው ምክር በአንድ ቁጥር የሚያዝ ነበር፤ ከደረት አጥንት እስከ መሪው እምብርት ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር። ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል። ምክሩን ለመፈጸም ደግሞ አጭር ሰው መሪውን መግፋት፣ ረጅም ሰው መሳብ መቻል አለበት። የካዲላክ ቅንጦት የነበረው ነገር በዚህ መንገድ ለሁሉ ሰው አስፈላጊ ሆነ።

ለሁሉ ሰው ደረሰ ማለት ግን አይደለም። ቶዮታ በአሜሪካ ለሚሸጠው ኮሮላ የሚሳብ መሪ የሰጠው በ2009 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ እንደ መጀመሪያው ትውልድ ቪትዝና ያሪስ ሁሉ፣ መሪያቸው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይሄድም። አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ያገለገሉ መኪኖች ደግሞ የዚያ ዘመን ናቸው። ብዙ ሰው ከጀርባው ትራስ ያደርጋል። ትራሱ እግርን ወደ ፍሬኑ ያቀርባል፤ ደረትንም በዚያው መጠን ወደ ኤርባጉ ያቀርባል።

የሚሳብ መሪ ያለው ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል ከእግር ይጀምራል። ፍሬኑ እስከ ታች ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት እንደታጠፈ እንዲቀር ወንበሩ ይስተካከላል። ቀጥሎ ጀርባው ቀና ይላል። መሪው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ትከሻ ከወንበሩ ሳይለቅ ክንድ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ መሪው አናት ላይ ካረፈ፣ መዳፍ በሰዓት ዘጠኝና ሦስት ቦታ ሲጨብጥ ክርን በልኩ ይታጠፋል። ከዚያ 25ቷ ሳንቲ ሜትር ትለካለች። ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው፤ ከዘንጉ ሥር ያለው መቆለፊያም እስኪጠብቅ ይገፋል።

በአሮጌዋ ቪትዝ ውስጥም ያው መቆለፊያ ከዘንጉ ሥር አለ። ሲፈቱት መሪው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሲስቡት ግን አይመጣም፤ ሲገፉትም አይሄድም።