ኖትዊዝስታንዲንግ

ኖትዊዝስታንዲንግ በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሆኖም»፣ «ይህም ሆኖ» የሚል ትርጉም ያለው ተውሳከ ግሥ ነው። «... ቢኖርም» በሚል ትርጉም እንደ መስተዋድድ፣ አንዳንዴም እንደ መስተጻምር ያገለግላል። በዕለት ተዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ በሕግ፣ በውልና በፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ ግን በብዛት ይገኛል። በእነዚህ ጽሑፎች ሁለት ድንጋጌዎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና ስለሚያመለክት፣ ትርጉሙን መሳት የውሉን ወይም የሕጉን ውጤት ሊገለብጥ ይችላል።

ሥርወ ቃል

ቃሉ በእንግሊዝኛ 15 ፊደላት አሉት፤ የተገጣጠመውም ከሦስት ክፍሎች ነው፦ «ኖት»፣ «ዊዝ» እና «ስታንዲንግ»። «ዊዝ» ዛሬ «ከ... ጋር» ማለት ቢሆንም በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዋና ትርጉሙ «በተቃራኒ» ነበር። ስለዚህ «ዊዝስታንድ» የሚለው ግሥ መቋቋም፣ መመከት ማለት ሲሆን፣ ሙሉው ቃል «ሳያግድ»፣ «እንቅፋት ሳይሆን» የሚል ሐሳብ ይሰጣል። ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በላቲኑ «ኖን ኦብስታንቴ» አርአያ የተቀረጸ ነው።

የላቲኑ ሐረግ የራሱ ታሪክ አለው። የሮማ ፓፓዎች ቀድሞ የወጣ ደንብ ቢኖርም አዲሱ ትእዛዛቸው እንዲፈጸም ሲፈልጉ በደብዳቤያቸው ይጽፉት ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታትም ልማዱን ወስደው፣ አንድን ሰው ከሕግ ነጻ ለማድረግ ተጠቀሙበት። ንጉሥ ጄምስ 2ኛ በዚህ መንገድ ሕጉ የከለከላቸውን ካቶሊኮች በጦር ሹመት ላይ ስላስቀመጠ ከፓርላማው ጋር ተጋጨ። ንጉሡ ከዙፋኑ ከተወገደ በኋላ በ1689 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢል ኦፍ ራይትስ የተባለው ሕግ ይህን የንጉሥ ሥልጣን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ «ይህ ሕግ ቢኖርም» ብሎ ሕግን ማለፍ የፓርላማው ሥልጣን እንጂ የንጉሡ አይደለም።

ትርጉምና ሰዋስው

ቃሉ ሦስት አገልግሎቶች አሉት።

1. ተውሳከ ግሥ፦ ብቻውን ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜም በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይመጣል። «እንዳይሄድ ነገሩት፤ እሱ ግን ሄደ» በሚለው ሐሳብ ውስጥ የ«ግን»ን ቦታ ሊይዝ ይችላል። «ኔቨርዘለስ» የሚለው ቃል ቅርብ ተመሳሳዩ ነው።

2. መስተዋድድ፦ ከስም ጋር ይነገራል። ከአብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መስተዋድዶች የሚለየው ከስሙ በፊትም በኋላም መግባት መቻሉ ነው፤ «ኖትዊዝስታንዲንግ ዘ ሬይን» እና «ዘ ሬይን ኖትዊዝስታንዲንግ» ሁለቱም «ዝናቡ ቢኖርም» ማለት ናቸው። ምክንያቱ ቃሉ መጀመሪያ ከግሥ የወጣ መሆኑ ነው፦ «ዝናቡ ሳያግድ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ስሙ ባለቤት ነበር። ኋላ ላይ ቃሉ እንደ መስተዋድድ ስለተቆጠረ ከስሙ ፊት መግባት ጀመረ። ለአማርኛ ተናጋሪ ኋላ የሚመጣው አገባብ እንግዳ አይሆንም፤ «ቢኖርም» ከስሙ በኋላ ይመጣልና።

3. መስተጻምር፦ «ምንም እንኳ... ቢሆንም» በሚል ትርጉም ሙሉ ሐረግን ያያይዛል። ይህ አገባብ ዛሬ ያረጀ ነው።

በሕግ ጽሑፍ

በሕግ ቋንቋ ቃሉ የድንጋጌዎችን ቅደም ተከተል ያሳያል። ለምሳሌ የአንድ የቤት ኪራይ ውል አንቀጽ 5 «ኪራዩ ለሁለት ዓመት አይጨመርም» ይላል እንበል። አንቀጽ 9 ደግሞ «በአንቀጽ 5 የተጠቀሰው ቢኖርም፣ የቤት ግብር ከጨመረ አከራዩ ኪራይ መጨመር ይችላል» ካለ፣ ግብር በጨመረ ጊዜ የሚጸናው አንቀጽ 9 ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ አንቀጽ 5 እንደጸና ይቆያል።

ተቃራኒው «ሰብጀክት ቱ» የሚለው ሐረግ ነው። አንቀጽ 9 በዚህ ሐረግ «በአንቀጽ 5 መሠረት ተገዝቶ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ የበላዩ አንቀጽ 5 ይሆን ነበር፤ ተከራዩም ከጭማሪው ይድናል። ሁለቱን ማምታታት የበላዩንና የበታቹን ያቀያይራል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ጊዜያዊ ተሿሚዎች በተነሳ ክርክር፣ ቃሉ ሁለት ድንጋጌዎች ሲጋጩ የሚጸናውን እንደሚያሳይ አስረድቷል። ሁለት ሕጎች እያንዳንዳቸው «ሌላ ማንኛውም ሕግ ቢኖርም» ካሉ ግን ቃሉ ብቻውን መፍትሔ አይሰጥም።

በካናዳ

ቃሉ ከሕግ ባለሙያዎች ውጭ በሰፊው የሚታወቀው በካናዳ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር አንቀጽ 33 «ኖትዊዝስታንዲንግ ክሎዝ» ይባላል። የፌዴራሉ ፓርላማ ወይም የአንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት፣ በቻርተሩ አንቀጽ 2 ወይም ከአንቀጽ 7 እስከ 15 የተዘረዘሩት መብቶች ቢኖሩም ሕጉ እንዲሠራ ማወጅ ይችላል። አዋጁ ቢበዛ ለ5 ዓመት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል። የመምረጥ መብት ግን በዚህ አንቀጽ አይታለፍም። ኩቤክ አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኞች በሥራ ላይ ሃይማኖታዊ ምልክት እንዳይለብሱ የሚከለክለውን የ2019 እ.ኤ.አ. ሕግ ያወጣው ይህን አንቀጽ ጠቅሶ ነው። ደጋፊዎቹ የመጨረሻው ቃል የተመረጡ ተወካዮች እንዲሆን ያደርጋል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የጥቂቶችን መብት ያለ ጥበቃ ይተዋል ይላሉ።

የአማርኛ አቻ

በኢትዮጵያ አዋጆች የቃሉ የተለመደ አቻ «... የተደነገገው ቢኖርም» ነው። «... እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለው ሐረግ ግን የተጠቀሰው ድንጋጌ ሳይነካ መቆየቱን ስለሚገልጽ፣ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ትርጉሙን ይለውጣል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የአማርኛው የበላይነት አለው። በመሆኑም በእንግሊዝኛው ቅጂ «ኖትዊዝስታንዲንግ» የሚለውን ያገኘ አንባቢ ትርጉሙን ለማረጋገጥ የሚያመሳክረው የአማርኛውን ቅጂ ነው።