ኃያሉና ሸንጎው

የሰው ልጅ ግፍ ሲበዛበትና ዳኛ ሲያጣ፥ ከሰው በላይ ኃይል ያለው ታዳጊ መጥቶ ግፈኛውን አንቆ እንዲወስድለት ይመኛል። እንዲህ ያለው ታዳጊ በዓለም ጉዳይ ጣልቃ ቢገባ ሕዝብ ምን ይል እንደ ነበር ለማወቅ የምንሻ ከሆነ፥ ይህ ምኞት በሥዕል ታትሞ የወጣበትን ዘመን እንመልከት።

በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ሁለት የአይሁድ ወገን ወጣቶች፥ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፥ ሱፐርማን የተባለውን ኃያል በ1930 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረቡ። በየካቲት 1932 ዓ.ም. ደግሞ ሉክ በተባለው መጽሔት ላይ፥ ይኸው ኃያል የአውሮፓን ጦርነት በሁለት ገጽ ሲፈጽም አሳዩ። ኃያሉ መድፉን አጣመመ፤ ሂትለርንና ስታሊንን ማርኮ በአየር ወደ ጄኔቭ ወሰደ፤ የመንግሥታት ማኅበርም ሁለቱን፥ ራሳቸውን መከላከል በማይችሉ አገሮች ላይ ያለ በደል ዘምታችኋል ሲል ፈረደባቸው።

የናዚዎቹ የኤስ ኤስ ጭፍራ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሚያዝያ ወር በቁጣ መለሰ፤ ሲግልንም በአይሁድነቱ ሰደበው። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፥ በታኅሣሥ 1933 ዓ.ም. ካፕቴን አሜሪካ የተባለ ሌላ ኃያል በመጽሔት ሽፋን ላይ ሂትለርን በጡጫ ሲመታ ታየ። አንባቢው ተሻምቶ ገዛው፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂም ተሸጠ። በአገሩ ውስጥ የነበሩት የናዚ ደጋፊዎች ግን በደራሲዎቹ በጆ ሳይመንና በጃክ ከርቢ ላይ ዛቱ። እንግዲህ ኃያል ሲነሣ ሕዝብ በአንድ ድምፅ እልል አይልም፤ ግፍ የመረረው ደስ ይለዋል፥ ግፈኛው ይቆጣል፥ የግፈኛው ወዳጅም ይዝታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ያ በሥዕል የታየው ፍርድ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያው በጄኔቭ፥ በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ወረራውና ስለ መርዙ ጋዝ አቤት ብለው ነበር። ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መጀመሯን ማኅበሩ ራሱ አስቀድሞ አረጋግጧል፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ የጣለባትን ማዕቀብ አነሣ። ስለዚህ ጉድለቱ የክንድ ሳይሆን የፈቃድ ነበረ። ኃያሉ ተከሳሹን አንጠልጥሎ ከሸንጎ ቢያደርስም፥ ፈርቶ ለሚፈርድ ዳኛ ልብ ሊሰጠው አይችልም።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ከሰማይ በወረደ ኃያል አይደለም፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል በተጋደሉት አርበኞቿና በዚያ ጊዜ ከጎኗ በተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ነው። ያ ማኅበርም በ1938 ዓ.ም. ፈረሰ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን፥ ኃያልን ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ መተባበር እንደሚበጅ አስቀድመው ነግረውናል።