ፈረቃና የመድኃኒት ሰዓት

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውሎ የሚገባ ሠራተኛ ቀኑን የሚቆጥረው በፈረቃ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ካለ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለበት፤ የዕድሜ ማራዘሚያው ሰዓት። ሁለቱ ሲጋጩ ክኒን ይዘለላል፤ መዝለሉ ሲደጋገም ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ግጭቱ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኤዜድቲ፣ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ እየተነሡ ይዋጥ ነበር። በአገራችን ሕክምናው በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ነጻ ሆነ። የመጀመሪያው መድኃኒት ላልሠራላቸው ይታዘዝ የነበረው ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር በለስላሳ እንክብል ሲመጣ ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚያድር ሰው፣ ማቀዝቀዣ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2005 ሙቀት የሚችለው ክኒን መውጣቱን ከታላላቆቹ ግኝቶች እኩል አየዋለሁ።

ብልቃጡም ራሱ ጠላት ነው፤ ሲነካ ይንኳኳል። ክፍል የሚጋራ ሰው ድምፁን ፈርቶ ክኒኑን በወረቀት ይጠቀልላል፤ እርጥበት የምትመጠው ትንሿ ከረጢት ብልቃጡ ውስጥ ትቀራለች፤ ክኒኑ ላብ በነካው ኪስ ይከርማል።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕክምናው ለሰመረላቸው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያ በዚህ ከአፍሪካ ቀዳሚዎች አንዷ ናት። የቫይረሱ መጠን አልወርድ ያለው ግን ለምክርና ለክትትል ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። ሐኪሞቹ እውነት አላቸው፤ ሳያዩት ሊያክሙት አይችሉም። ቢሆንም ቀጠሮ የምናበዛው ከሥራ መቅረት በማይችለው ላይ ነው። ክትትሉ እሑድ ወይም ከፈረቃ በኋላ፣ ፓርኩ ወዳለበት ወደ መልካ ጀብዱ ቀርቦ ቢሰጠው እላለሁ።

መርፌውስ? እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣው ኤንፉቨርታይድ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ኢባሊዙማብ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን በየሁለት ወሩ ይወጋሉ፤ ነገር ግን የታሰቡት በዋናነት ቫይረሱ ለተገታላቸው ነው፤ ሪልፒቪሪኑም ማቀዝቀዣ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ መድኃኒት ለተላመደ ቫይረስ የተፈቀደው ሌናካፓቪር በየስድስት ወሩ ከሆድ ቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ማቀዝቀዣም አይጠይቅም። ሆኖም ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መወሰድ አለበት። እነዚያ ሌሎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው በየቀኑ የሚዋጡት፣ ብልቃጥ ውስጥ የሚንኳኩት ክኒኖች ናቸው።