ከልዳ የወጡት

ኢየሩሳሌም ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች መንገድ መሪ ነኝ። ልዳ ስንደርስ ደረጃውን ወርደው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን መቃብር ስመው፣ ዘይቱን ተቀብተው ሲወጡ ብዙዎቹ ያንኑ ይጠይቁኛል፤ "ይህን ቦታ እስካሁን ጠብቆ ያቆየው ማን ነው?" እኔ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ነው ያደግሁት። "ጊዮርጊስ ዘልዳ" ሲባል እየሰማሁ አድጌ ስለ ልዳ ሰዎች ግን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ የጠየቀኝን ሁሉ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ።

የጠበቁት የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። የግሪክ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያንና የአል ዑመሪ መስጊድ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የቆሙት። እስላሞቹ ሰማዕቱን አል ኸድር ከሚሉት ቅዱስ ጋር አንድ አድርገው ያከብሩታል። የከተማዋ ዓመት በዓል "ዒድ ሊድ" ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ኅዳር 7፣ ከቅዳሴ ቤቱ ጋር ይገጥማል።

የተባበሩት መንግሥታት በኅዳር 1940 ዓ.ም. ፍልስጤም ለሁለት እንድትከፈል ሲወስን ልዳና ጎረቤቷ ራምላ የተመደቡት ለዐረቡ ክፍል ነበር። ከዚያ በአይሁድና በዐረቦች መካከል የተነሣው ጦርነት ሲፋፋም ከያፋና ከዙሪያው መንደሮች የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ልዳ ጎረፈ። 20 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ ሐምሌ ሲገባ በእንግዳ ተጨናንቃ ነበር። ሐምሌ 4 ቀን በሞሼ ዳያን የሚመራ የእስራኤል ሻለቃ ጦር በጂፕና በብረት ለበስ እየተኮሰ ከተማዋን ሰንጥቆ አለፈ። በማግስቱ ጥቂት የዮርዳኖስ ብረት ለበሶች ብቅ ሲሉ ተኩሱ እንደገና ተነሣ፤ ከተማዋን የያዙት የእስራኤል ወታደሮችም ሰላማዊውን ከታጣቂው ሳይለዩ ተኮሱ። የዚያን ቀን ሟች የእስራኤል ጦር መዝገብ ራሱ ወደ 250 ያደርሰዋል፤ ፍልስጤማውያን ከዚያ ይበልጣል ይላሉ። ዳህማሽ መስጊድ ውስጥ የተጠለሉትም አልተረፉም።

በዚያው ዕለት፣ ሐምሌ 5፣ የልዳ ሕዝብ ዕድሜው ሳይታይ በፍጥነት እንዲባረር የሚያዝ ጽሑፍ ወጣ። የዘመቻው አዛዥ ዪጋል አሎን ነበር፤ ጽሑፉን የፈረመው መኮንኑ ይስሐቅ ራቢን ነው። ሐምሌ 5 ለእኛ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው። ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛውን ኤንያን ጴጥሮስ "ተነሣ" ብሎ ያስነሣው ደግሞ በዚችው በልዳ ነው። በዓሉንና ትእዛዙን በአንድ ቀን ማሰብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

የራምላ ሰዎች በአብዛኛው በአውቶቡስና በካሚዮን እስከ ጦር ግንባሩ ድረስ ተወሰዱ። የልዳ ሰዎች በእግራቸው ሄዱ። ወሩ ረመዳን ነው። በዚያ አገር ሐምሌ እንደ እኛ ክረምት አይደለም፤ ጠብታ አይወርድም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ኬላው ላይ ወታደሮች ወርቁንም፣ ሰዓቱንም፣ ገንዘቡንም ከብዙዎች ወሰዱ። ሕዝቡ በጂምዙና በባርፊልያ በኩል ወደ ራማላህ ተራሮች ሽቅብ ተጓዘ። አስቀድሞ ፍራሹና ድስቱ መንገድ ላይ ተጣለ፤ ከዚያ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ወድቀው ቀሩ። ስንት እንደሞቱ የሚስማሙበት ቁጥር የለም።

ሠዓሊው ኢስማዒል ሻሙት ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ውኃ አግኝቶ ሲቀዳ አንድ ወታደር ሽጉጥ ደግኖ እንዳስደፋው ኋላ ተናግሯል። ታናሽ ወንድሙ በጥም ሞተበት። እ.ኤ.አ. በ1953 የሣለውን "ወዴት?" የተባለ ሥዕሉን ለተሳላሚዎቼ በስልኬ አሳያቸዋለሁ፦ በትር የያዘ አባት፣ ትከሻው ላይ አንቀላፍቶ የተኛ ሕፃን፣ በእጁ ያንጠለጠለው ሌላ ልጅ፣ ከኋላ እያለቀሰ የሚከተል ሦስተኛ። በስተጀርባ ሚናሬት ያላት ከተማ አለች፣ አንድ የደረቀ ዛፍም። እናት የለችም። አንዲት የደብረ ብርሃን ሴት ይህን አይታ "እናቲቱስ?" አለችኝ፤ ከጠየቁኝ ሁሉ የእሷን ጥያቄ አልረሳም።

ከተማዋ ውስጥ የቀረው አንድ ሺህ ገደማ ሰው ነው። ልዳ የባቡር መገናኛ ናትና ብዙዎቹ ባቡሩን እንዲያንቀሳቅሱ የተተዉ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ዙሪያ በሽቦ ታጥረው በወታደር አስተዳደር ሥር ኖሩ፤ ያን ሰፈር "ጌቶ" ይሉታል። የወጡት ሰዎች ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው ሕግ "የሌሉ ሰዎች ንብረት" ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ። ከቡልጋሪያ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ኋላም ከእኛው አገር የመጡ አይሁድ በከተማዋ ሰፈሩ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን በዚህ አልወቅስም፤ እነሱም መከራ አይተው የመጡ ናቸው፣ ትእዛዙ ሲፈረም አብዛኞቹ አልተወለዱም። በ1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ያረፉበት አውሮፕላን ማረፊያ ግን የዱሮ ስሙ የልዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የእኔም ተሳላሚዎች የሚገቡት በዚያው ነው።

ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ነው የወጣው የሚለው ወሬ ብዙ ዘመን ኖሯል። ራቢን ራሱ ግን በማስታወሻው ላይ መባረሩን ጽፎት ነበር። የእስራኤል ሚኒስትሮች ኮሚቴ ያን ክፍል ከመጽሐፉ አስወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ታይምስ አሳተመው። እንግዲህ የተባረረን ሕዝብ "ሸሸ" ማለት በደሉን ሁለት ማድረግ ነው፤ እኔ ባለሁበት አውቶቡስ ውስጥ ይህ ሲባል ዝም አልልም።

ራማላህ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው የአል አምዓሪ የስደተኞች ካምፕ ዛሬም አለ። ድንኳኑ ብሎኬት ሆኗል። በውስጡ የሚኖሩት የልዳ፣ የራምላና የያፋ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከካምፑ እስከ ሰማዕቱ መቃብር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የእኔ ተሳላሚ በቱሪስት ቪዛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለዒድ ሊድ ይደርሳል፤ የልዳው ሰው የልጅ ልጅ ግን ከእስራኤል ጦር ፈቃድ ካላገኘ ኬላውን አያልፍም።