ዲዲቲና ቱፎርዲ፦ ከግብዓት መጋዘናችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ

የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል በተከበረ ቁጥር የማዳበሪያውና የምርጥ ዘሩ ታሪክ ይነሳል። ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የኖረው የኬሚካሉ ታሪክ ግን እምብዛም አይወሳም። በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ አርሶ አደሩ የወባ ትንኝ የሚገድለውንም፣ አረም የሚያደርቀውንም «መድኃኒት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። በእርግጥም ዲዲቲና ቱፎርዲ በኬሚስትሪ ዝምድና አላቸው፤ ሁለቱም ክሎሪን የተለጠፈበት የካርቦን ቀለበት ያላቸው ናቸው።

ወደ አካባቢያችን ቀድሞ የደረሰው ዲዲቲ ሲሆን፣ የመጣውም ለማሳ ሳይሆን ለመኖሪያ ቤት ግድግዳ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ) በአገራችን የወባ መከላከል ሙከራ ከተካሄደባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነው። ከዚያም በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ከቆላው አልፎ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ወደሚደርሰው ደጋ ወጣ። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ይህንኑ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እንግዲህ ዲዲቲን ዛሬ ስንወቅስ፣ የዚያን ዘመን እናቶች ረጩን በደስታ ቤታቸው ያስገቡት በምን ምክንያት እንደነበር አለመርሳት ተገቢ ነው።

አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። መነሻው ከድንጋይ ከሰልና ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው፣ ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበት ቤንዚን ነው፤ ለመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ብረት ባለበት የክሎሪን ጋዝ ሲተላለፍ አንዱ ሃይድሮጅን ለቅቆ ክሎሪን በቦታው ይገባል፤ ክሎሮቤንዚን ይባላል። ሁለት ክሎሮቤንዚን ከአንድ ክሎራል ጋር በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት ሲጣመሩ ዲዲቲ ይሆናሉ። ኦትማር ሳይድለር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1874 ሠርቶት ነበር፤ ተባይ ገዳይነቱን ግን አላወቀም። ይህንን የደረሰበት የስዊሱ ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ዋናው ጉዳይ ክሎሪኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በዲዲቲ ውስጥ አምስት ክሎሪኖች አሉ። ሦስቱ ከቀለበቱ ውጭ ባለ ካርቦን ላይ በመሆናቸው አንዱ በቀላሉ ይለቃል፤ ለዚህም ነው ዲዲቲ ከኖራ ጋር ከተደባለቀ የሚበላሸው። ሁለቱ ግን በቀጥታ በቀለበቶቹ ላይ ያሉ ናቸው። የቀለበቱ ኤሌክትሮኖች ማሰሪያውን ያጠብቁታል፤ ከኋላ መጥቶ ክሎሪኑን የሚያስለቅቅ ነገር እንዳይኖርም ቀለበቱ ራሱ መንገዱን ይዘጋል። የፋብሪካ ሰዎች ከክሎሮቤንዚን ላይ ክሎሪኑን ለማላቀቅ ኮስቲክ ሶዳ፣ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት አስፈልጓቸዋል። የጎጆ ግድግዳ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣለታል? ስለዚህ ዲዲቲ ለወራት ሳይበላሽ ትንኟን ይገድል ነበር። ከአንዱ ክሎሪኑ ሲለያይም ዲዲኢ የተባለ፣ ይበልጥ ግትር የሆነ ውሁድ ይሆንና በከብት ስብና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። የተመሰገነበትም የተወገዘበትም ጠባይ አንድ ነው።

ቱፎርዲ ደግሞ የማሳው ነው። በስሙ ውስጥ ያሉት 2 እና 4 ክሎሪኖቹ በቀለበቱ ላይ የያዟቸውን ቦታዎች ያመለክታሉ። ፌኖል በክሎሪን ከታከመ በኋላ ከክሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። የዕፅዋትን የዕድገት ሆርሞን አስመስሎ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም አጣሞ ሲገድል፣ ጤፍንና ማሽላን በአብዛኛው አይነካም፤ አረም በእጅ ሲነቅል ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። በቀለበቱ ላይ የኦክስጅን እጀታ ስላለው የአፈር ባክቴሪያዎች ከዚያ ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ይበሉታል፤ እንደ ዲዲቲ ዘመን አይሻገርም። ይሁን እንጂ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቲማቲምና በርበሬ ለእርሱ አረም ናቸው። ጤፍና አትክልት በተጎራበቱበት የመርሳ መስኖ ዳር ነፋስ ባለበት ሰዓት የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ማሳ እየረጨ መሆኑን ይወቅ። የቅርብ ዘመዱ ቱፎርፋይቭቲ መጥፎ ስም ያተረፈው ሲመረት ሙቀቱ ካለፈ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ስለሚፈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጣሊያን ሴቬሶ ከተማ የደረሰው አደጋም የእርሱን ጥሬ ዕቃ ከሚያመርት ፋብሪካ የወጣ ነበር።

አገራችን የስቶክሆልምን ስምምነት በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር የፈቀደ ሲሆን፣ በኋላ ትንኟ ስለተላመደችው በ2001 ዓ.ም. ገደማ የቤት ርጭቱም በሌላ ኬሚካል ተተካ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በእኔ አስተያየት ግን ከአዋጁ እኩል የሚያስተምረን የአሮጌ ክምችቱ ነገር ነው። ከአንበጣና ከተምች ዘመቻዎች የተረፈ፣ በእርዳታ ከሚያስፈልገው በላይ የመጣ፣ በርሜሉ ዝጎ የሚፈስ ኬሚካል በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ለአሥርት ዓመታት ተከማችቶ ነበር። መቅበር አፈሩንና ውኃውን መበከል ነው። በሜዳ ማቃጠልም ቀለበቱን ሳያፈርስ ዳይኦክሲን ይፈጥራል፤ ከ1,100 ዲግሪ በላይ የሚነድ ልዩ ምድጃ ያስፈልጋል። የማኅበራት የግዥ ኮሚቴዎች የየወቅቱን ፍላጎት ከየቀበሌው ሰብስበው ከዚያ በላይ አንድ ሊትር አናስገባም ማለታቸው አንዳንዶች እንደሚሉት ንፍገት አይደለም።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከዚያ ክምችት ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው በአዲስ በርሜል ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና በዚያ ተቃጠለ። በዚያ ዘመን አንዱን ቶን ለማስወገድ 3,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅ ነበር።