መንገድ ላይ የተላለፉ ሁለት ቃላት፦ ጉምሩክና ዱዋን

ጅቡቲ ከተማ የምንነግድ ሰዎች ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት ቃላት አሉ። ከአገራችን ሰው ጋር ስናወራ «ጉምሩክ» እንላለን፤ ከጅቡቲው የቢሮ ሰው ጋር ሲሆን በፈረንሳይኛው «ዱዋን»። ሲሰሙት ዱዋን የፈረንጅ፣ ጉምሩክ የምሥራቅ ቃል ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ዱዋን ከፋርስ የተነሣ ነው። «ዲዋን» መዝገብ፣ ቀጥሎም መዝገቡ የሚያዝበት ቢሮ ማለት ነበር። አረቦች ወሰዱት፤ ጣልያኖች ከአረቦች ጋር ሲነግዱ ተቀብለው የቀረጥ ቤት አደረጉት። ፈረንሳዮች ከጣልያን፣ ሆላንዶች ከፈረንሳይ ወሰዱ። ያው ዲዋን በሌላ መንገድ አውሮፓ ገብቶ ደግሞ የሶፋ ስም ሆኗል!

ጉምሩክ የመጣው ከሮም ነው። በላቲን «ኮሜርኪዩም» ንግድ ማለት ነበር፤ እንግሊዞች ኮሜርስ የሚሉት ይህንኑ ነው። የቢዛንታይን ግሪኮች «ኮመርኪዮን» ሲሉት ግን ትርጉሙ ከንግዱ ወደ ንግዱ ላይ ወደሚጣለው ቀረጥ ዞረ፤ መጠኑም በአብዛኛው ከመቶ 10 ነበር። የቀረጥ ሹሞቹ የእርሳስ ማኅተሞች ዛሬም አሉ፤ ኮንቴይነር ሲታሸግ ቆሞ ያየ ሰው አይገርመውም። ቱርኮች ቃሉን «ጉምሩክ» አሉት፤ በአረብኛ በኩል ለእኛ ደረሰ።

እኛም ዘንድ፣ ያለ ብድር፣ ይኸው ደርሷል። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ ኋላ ግን ቀረጥ ሰብሳቢው ሹም በዚህ ስም ተጠራ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነጋድራስ ሆነው የሠሩት ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰባት ከተማ።

ዛሬም ሁለቱ ቃላት ትክክል አይተካኩም። ጅቡቲ ላይ «ዱዋን አልቋል» ሲባል፣ ወደ ኢትዮጵያ ለሚያልፍ ዕቃ የትራንዚት ወረቀቱ ተጠናቋል ማለት ነው፤ የጅቡቲ የማስገቢያ ቀረጥ አይከፈልበትም። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ግን «ጉምሩክ አልቋል» ብሎ ይሰማዋል። ቀረጡ የተከፈለ መስሎት ለዚያ ያስቀመጠውን ብር ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለዕቁብ ያወጣዋል። ቀረጡ ግን ገና ሞጆ ወይም ቃሊቲ ላይ ይጠብቀዋል፤ ብሩ እስኪገኝ ዕቃው ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ስለዚህ አገር ቤት ስንደውል «ያለቀው የጅቡቲው ነው፤ የእኛው ገና ነው» እያልን ለይተን እንንገራቸው።