ከጭቃ ሹም እስከ ሒሳብ ባለሙያ፦ ግብር የማሳወቅ ሥራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ግብርን አስልቶ ማሳወቅ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባለርስቱም ሆነ ነጋዴው ብቻውን የሚወጣው ሥራ ሆኖ አያውቅም። በከፋዩና በተቀባዩ መካከል ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቆሟል፤ በርስቱ ዘመን ጭቃ ሹሙ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት አዋጆች ዘመን ገማቹና ማመልከቻ ጸሐፊው፣ በዛሬው ዘመን ደግሞ ፈቃድ ያወጣ የሒሳብ ባለሙያ። የእነዚህ ሰዎች መፈራረቅ አንድ ትልቅ ለውጥ ያሳያል። ግብር ሌላ ሰው በሚሰጠው ግምት መወሰኑ እየቀረ፣ ነጋዴው ራሱ በያዘው መዝገብ መወሰን ጀምሯል፤ ለውጡ ግን እስካሁን አላለቀም።

ሦስቱም አገሮች ቀድሞ የበጌምድር አካል ነበሩ። መሬቱ በርስት የሚያዝ ስለነበር ግብሩ በአንድ ገበሬ ስም ብቻ አይታሰብም ነበር። የአንድ አቅኚ አባት ተወላጆች በሚካፈሉት መሬት ላይ ይጣልና ድርሻው በተወላጆቹ መካከል ይደለደላል። እህል፣ ማር፣ ከብት፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር በየጊዜው የግብር መክፈያ ሆነዋል። የአጥቢያውን ድርሻ ሰብስቦ ለባለጉልቱ ወይም ለሹሙ የሚያስረክበው ጭቃ ሹሙ ነበር። ማን የትኛውን ማሳ እንደሚያርስና የማን ድርሻ ለማን እንደተላለፈ የሚያውቀው በቃሉ ነው። ክርክር ቢነሳ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ ምስክር ይቆጠራል። የጎደለ ነገር ቢኖር ደግሞ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ፣ የሹሙ አፍም የጎረቤቶቹ ዋስም ሆኖ ይኖር ነበር።

የነጋዴው ነገር ከዚህ ይለያል። ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው በእንስሳው ላይ ባለው ጭነት ልክ ነው። የኬላውን ገቢ የሚቆጣጠረው ነጋድራስ የነጋዴዎችም አለቃ ነበር። የሚታየው ጭነት፣ የሚቆጠረውም አሞሌና ቆዳ ስለሆነ፣ ነጋዴው በዓመቱ ምን ያህል እንዳተረፈ የሚጠይቀው አልነበረም። ትርፍና ኪሳራ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።

መዝገብ ያልተያዘው ጸሐፊ ጠፍቶ አልነበረም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከመላው አገር ተማሪ ሲጎርፍባቸው ኖሯል። ከጎንደር ዘመን ጀምሮም የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በየአድባራቱ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ከምስክሮቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። ጽሕፈቱ የዋለው ግን ባለመብቱን ለማስታወስ ነው። በመሬቱም ሆነ በንግዱ የተገኘውን ገቢ በዓመት የሚዘግብ ልማድ ከዚያ አልወጣም።

ገቢን የመጠየቁ ሥርዓት የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 60 በግል ሥራና በንግድ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በ1941 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 107፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 173 ተከተሉት። ይህ የመጨረሻው አዋጅ እየተሻሻለ ከ40 ዓመት በላይ ሠርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። ሕጎቹ አንድ ላይ ሲታዩ ነጋዴው ገቢውንና ወጪውን ጽፎ እንዲያሳውቅ አዘዙ፣ መዝገብ ከሌለው ግን ግብሩ በግምት እንዲወሰን ፈቀዱ። የጋይንት አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችው በነፋስ መውጫ፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳና በእስቴ መካነ ኢየሱስ ሱቅና የእህል መጋዘን ለያዘው ሰው ልዩ ሁኔታ ተብሎ የተጻፈው ግምት መደበኛው አሠራር ሆነ።

በግምት የሚወሰን ግብር በባሕርይው ጥርጣሬ ይወልዳል። የዚህ ከባዱ ምሳሌ የታየው በእርሻ ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎረቤት ጎጃም ውስጥ አመፅ አስነሥቷል። ገበሬው መሬቱን ሊያይና ምርቱን ሊገምት የመጣውን ኮሚቴ ርስቱን ለመንጠቅ የተላከ አድርጎ ስላየው፣ መንግሥት ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ። በከተማ ያለው ነጋዴ ግን ጦር የሚያነሣበት ምክንያትም አቅምም አልነበረውም፤ የቀረው መንገድ አቤቱታ ነበር።

ማመልከቻ ጸሐፊው አገልግሎት የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። በፍርድ ቤትና በግዛት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ካርቦን አስገብቶ በሁለትና በሦስት ቅጂ የሚጽፍ፣ ብዙ ጊዜም በቄስ ትምህርት የተማረ ሰው ነበር። የግብር አቤቱታ የራሱ ወግ አለው። ሱቁ የሚገኝበት ቦታ፣ የቤተሰቡ ብዛትና የዓመቱ ድርቅ ከተዘረዘረ በኋላ ግምቱ እንዲቀነስ ይለመናል። ጸሐፊው የአማርኛውን አጻጻፍና የቢሮውን ደንብ ያውቃል፤ ሒሳብ ግን አይሠራም። የነጋዴው መከራከሪያም ቁጥር ሳይሆን ችግር ሆኖ ቀረ።

በደርግ ዘመን ገማቹ ተቀየረ። መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ከሆነ በኋላ የገጠሩን ግብር የሚሰበስበው ገበሬ ማኅበር ሆነ፤ በከተማም ቀበሌው የነጋዴውን ሁኔታ መስካሪ ሆነ። የግል ንግድ በካፒታል ጣሪያና በእህል ንግድ ቁጥጥር ስለተጠረነፈ ብዙው ነጋዴ ሀብቱን ማሳየት ይፈራ ነበር። በዚያው ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል ሲያልፍ የአካባቢውን ገብስ፣ ድንችና በግ ለሩቅ ገበያ ከፈተ። ንግዱ ሲሰፋ የተገማቹ ቁጥርም በዛ።

አሁን ያለው አሠራር መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ከሚነግዱ ግለሰቦች የሚገኘውን የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ለክልሎች ሰጠ፤ የአርብ ገበያው ባለሱቅ ጉዳይም የወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሆነ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ነጋዴዎችን ደረጃ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፈለ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 ጣሪያውን ከፍ አደረገው፤ ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከ500,000 ብር ጀምሮ ከ1,000,000 ብር በታች ያለው ደረጃ ለ፣ ከ500,000 ብር የሚያንሰው ደረጃ ሐ ሆነ። ደረጃ ሀ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ይይዝ፣ ደረጃ ለ ገቢና ወጪውን በቀላሉ ይመዘግብ፣ ደረጃ ሐ በቁርጥ ይከፍል ነበር። ቁርጡ የሚሰላው ገማች ቡድን ሱቅ ለሱቅ ዞሮ በሚሰጠው የቀን ገቢ ግምት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ይህ ግምት በብዙ የአገሪቱ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ አስነሥቶ በአንዳንድ ቦታ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተዋል። የቅሬታው ይዘት ከአያቶቻቸው አቤቱታ ብዙ አይለይም፤ የሌላ ሰው ዓይን ያየውን፣ መዝገብ የሌለው ሰው ሊያስተባብለው አይችልም።

የሒሳብ ሙያው ራሱ ወደነዚህ ከተሞች የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1935 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለባንክና ለመንግሥት ቢሮ ሒሳብ ያዥ ሲያፈራ ቆይቷል። ለብዙ ዓመታት የግል ሒሳብ አዋቂዎችንና ኦዲተሮችን ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ሲወጣና ተከትሎ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሲቋቋም ምዝገባውና ቁጥጥሩ ወደ ቦርዱ ተዛወረ። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና በኋላም የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች በአካውንቲንግ ማስመረቃቸው ባለሙያውን ወደ አካባቢው አቀረበው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ የታክስ ወኪል የሚባለውን ሥራ በፈቃድ እንዲመራ አደረገ። የታክስ ማስታወቂያ ማዘጋጀት፣ ቅሬታ ማቅረብና ግብር ከፋዩን በባለሥልጣኑ ፊት መወከል የዚህ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ማስታወቂያውን ያዘጋጀ ወኪል ሰነዶቹን መርምሮ ማስታወቂያው ትክክለኛውን ግብይት እንደሚያሳይ እስከሚያውቀው ድረስ ያረጋግጣል። ይህን ማረጋገጫ ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነ ምክንያቱን ለግብር ከፋዩ በጽሑፍ ይሰጣል። ማመልከቻ ጸሐፊውንና የሒሳብ ባለሙያውን የሚለየው ይህ ግዴታ ነው፤ አንደኛው የደንበኛውን ቃል ይጽፋል፣ ሌላው በቃሉና በሰነዱ መካከል ያለውን ልዩነት የመናገር ኃላፊነት አለበት።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲያበቃ ባለሙያው የሚሠራው ሒሳብ መዝጋት ይባላል። እስከ 2017 ዓ.ም. በሠራው የሦስት ደረጃ አሠራር የደረጃ ለ ነጋዴ ሐምሌ ውስጥ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል ይዞ ይመጣ ነበር፤ ባለሙያው በየወሩ ይለይ፣ የግዢውን ከሽያጩ፣ የቤት ኪራዩን ውል ከመጓጓዣው ይነጥል ነበር። ከዚያ በሱቁ የቀረው ዕቃ ይቆጠር ነበር። ለምሳሌ ዓመቱ ሲጀምር የ120,000 ብር ዕቃ የነበረው ነጋዴ የ600,000 ብር ገዝቶ በሰኔ መጨረሻ የ150,000 ብር ቢቀረው፣ የሸጠው ዕቃ ዋጋ 570,000 ብር ነው። ሽያጩ 690,000 ብር ከሆነ ጥቅል ትርፉ 120,000 ብር ይሆናል፤ የኪራይ፣ የደመወዝና የመጓጓዣ 60,000 ብር ሲቀነስ የተጣራው 60,000 ብር ነው። በ2008ቱ መጣኔ ግብሩ 8,370 ብር ይመጣል። ከግዢው የ200,000 ብሩ ደረሰኝ ከሌለው ግን ያ ወጪ ውድቅ ይደረግና የተጣራው ትርፍ 260,000፣ ግብሩም 73,000 ብር ይሆናል።

ይህ ልዩነት በትርፉ ልክ ግብር ለሚከፍለው የስማዳና የእስቴ እህል ነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። ጤፉን፣ ገብሱን ወይም ባቄላውን ከገበሬ ሲገዛ ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም። ስለዚህ የሻጩን ስም፣ መጠኑንና ዋጋውን ይዞ በሻጩ ፊርማ ወይም አሻራ የሚጸና፣ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚቀበለው የግዢ ሰነድ በየገበያው ቀን መሞላት አለበት። ሐምሌ ላይ የተቀጠረ ባለሙያ በኅዳር ያልተያዘውን ማስረጃ ሊፈጥር አይችልም። ባለሙያ መቅጠር የሚጠቅመው ከዓመቱ መጀመሪያ ሰነድ አያያዙን ሲያስተካክል ነው።

ሥራውን ለባለሙያ መስጠት ነጋዴውን ከኃላፊነት አያወጣውም። ማስታወቂያው የነጋዴው ነው፤ የጎደለው ግብርም ሆነ መቀጮው የሚጠየቀው ከእሱ ነው። ስለዚህ የባለሙያውን ፈቃድ ማየት፣ ሥራውን በጽሑፍ ውል መስጠት፣ የቀረበውን ማስታወቂያና የተከፈለበትን ደረሰኝ ቅጂ መውሰድ የነጋዴው ድርሻ ነው። ቅጂውን ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥም ተገቢ ነው፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ለቀናት ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ንብረት መዘረፉ፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ያሳያል።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2,000,000 ብር የማይበልጠው ግለሰብ ነጋዴ በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ እንዲከፍል አድርጓል። በዚህ አሠራር ከወጪ ደረሰኝ ይልቅ የሽያጩ መጠን ዋና ጉዳይ ይሆናል። የአነስተኛ ነጋዴው ባለሙያ ሥራም የዕለት ሽያጩን በእውነት መመዝገብና ያንን መዝገብ ለመከላከል ዝግጁ መሆን ነው፤ ሽያጩን በማስረጃ ማሳየት ያልቻለ ነጋዴ ዛሬም የሚጠብቀው ግምት ነው።